ያዘገየሁት መርዶ

«ትናንት ነው የሰማሁት አላልከኝም? አርባዋ ከወጣ ታዲያ መቼ ነው የሞተችው?»

ሰለሞን አብረን በምንኖርበት ቤት ሳሎን መሃል ቆሞ እኔን ይጠይቀኛል። የእናቱን መርዶ ሊያረዱት በማለዳ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጉዱን ሳያውቁ፣ «አርባዋም በወጉ ወጥቶላታል፣ ተጽናና ልጄ» ብለውት ነው።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አብረን የምንሠራበት ቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ በኮሮና ሲዘጋ ሁለታችንም ሺፍት አጣን። ከምንኖርበት ሰፈር ከዊንቸስተር እየነዳን ከከተማው ውጪ ያሉትን ቀይ ተራሮች መውጣት ጀመርን። እኔ ግጥም ስሞነጫጭር እሱ ገመድ መቋጠር ይለማመዳል። «ገጣሚው፣ ስትወድቅ ግጥምህ ይይዝህ እንደሆነ አያለሁ» ይለኛል። በዓመቱ፣ ሂማላያ ላይ ተራራ የሚያስወጡ መሪዎች ቡድናቸው ውስጥ አስገቡን።

ልንሄድ ስድስት ቀን ሲቀረን አጎቱ ጋሽ ከበደ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «እህቴ አርፋለች። በስልክ አይነገረውም፤ ሽማግሌ ይዘህ በጠዋት አርዱት። አደራ።»

«ጋሼ፣ በኮሮና ሰው መሰብሰብ አልተቻለም» አልኳቸው። «ሰው መሰብሰብ እስኪቻል ድረስ፣ ከደወለ ጸበል ገብታለች በሉት።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ለምን? ከነገርኩት ይቀራል፤ እሱ ከቀረ እኔ ብቻዬን አልደፍርም። ያን ጫፍ በሕልሜ ሳይቀር እያየሁት ነበር። ለዚህ ብዬ ሰው ከእናቱ ለቅሶ ይነጠቃል? እኔ ነጠቅሁት።

ጫፉ ላይ ወጣን። ስንወርድ ሰለሞን የቀለጠ በረዶ በትንሽ ጠርሙስ ቀዳ። «እማዬ ከጸበል ስትመለስ እልክላታለሁ። ሰማይ ጥግ የተቀዳ ነው እላታለሁ» ብሎ ሳቀ። ያኔም መናገር እችል ነበር። ጓንቴን አጠበቅሁ።

ተራራው አይናፍቀኝም ብል እዋሻለሁ። ይናፍቀኛል። ግን በናፈቀኝ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የሰለሞን ጀርባ ነው፤ ከፊቴ እየሄደ፣ ገመዱን ሳብ አድርጎ «አለህ?» የሚለኝ።

«ከመሄዳችን በፊት ታውቅ ነበር?» አለኝ ሰለሞን ያን ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት።

«አውቅ ነበር።»

«ጠርሙሱን ስሞላስ?»

«አውቅ ነበር።»

ኮሮና ነው፣ ወግ ነው አላልኩም። ዛሬም አልልም። ተራራውን ስለፈለግሁ ነው። 

ሰለሞን ጠርሙሱን ከመስኮቱ ደፍ አንስቶ ደረቱ ላይ ያዘው። ሽማግሌዎቹን እጅ ነስቶ፣ እኔን ሳያይ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።