የሾፌሩ ሰላምታ

"ይንገሩን እንጂ፣ እማማ!" እያሉ ልጆቹ ሲወተውቱኝ ከረሙ። ትናንት ያቺ መኪና መንዳት የምትማረው የልጅ ልጄ ከእንጅባራ ስትመለስ ልብሷ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አጠገቤ ስትቀመጥ ሽታው የድሮውን ቀን አስታወሰኝ። ምናለ፣ ልንገራቸው አልኩ።

የሚጠይቁኝ ስለ አንድ ነገር ነው። ወንድሟ ባጃጁን እየነዳ በደጃችን ሲያልፍ እጁን አውጥቶ "እማማ!" ይለኛል። እኔ ግን ፊቴን ወደ አጥሩ አዞራለሁ። "ምን አስቀየምንዎት?" ይላሉ። ምንም አላስቀየሙኝም፣ የኔ ጌቶች።

የልጅ ልጄ የመንጃ ትምህርት መጽሐፏንም ገልጣ የመንገድ ምልክቶቹን አሳየችኝ። ፊደል ባልቆጥርም ሥዕል አይጠፋኝም። ቀዩ ክብ፣ ሦስት ጎኑ፣ ከብት ያለበት፣ ልጅ የሚሮጥበት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችኝ። "አንገቱን ያዞረ ሰው የለበትም?" አልኳት። "እሱ ምን ይሠራል፣ እማማ?" ብላ ሳቀች።

ወንድሜን አላወቃችሁትም። በእኛ ሰፈር እንደሱ ፈረስ የሚያውቅ አልነበረም። በእኛ አገር ፈረስ ላይ ሆኖ ሰላምታ መስጠት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ለሽማግሌ ይወረዳል። ለዘመድና ለእኩያ ደግሞ ከኮርቻ ብድግ ይባልና ሙሉ ፊት ዞሮ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ከዚያም "ከብቱ እንዴት ነው? እናትሽ ተሻላት?" እያሉ፣ እስኪርቁ ድረስ ወደ ኋላ እያዩ መሄድ ነው። ፈረሱ መንገዱን ያውቃል። ጉድጓድ አይገባም፣ ሰው አይረግጥም። ወንድሜ ብድግ ሲል እንዴት ያምርበት ነበር! ያ የፈረስ ላብና የእርጥብ ቆዳ ሽታ፣ ውርጭ ባለበት ማለዳ ከፈረሱ አፍንጫ የሚወጣው ጭስ የመሰለ ትንፋሽ፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል።

ኋላ ዳንግላ ወርዶ አንድ አሮጌ ሾፌር ዘንድ ተጠጋ። ሰውዬው ዓመት ሙሉ ጎማ አሳጠበው። ሌላ ዓመት ጋቢና አስቀምጦ ዝም ብለህ መንገድ እይ አለው። መሪ ያስያዘው በሦስተኛው ዓመት ነው። "መሪ ከያዝህ ለንጉሥም እጅ አትንሳ" ይለው ነበር አሉ። "ሰው ከወደድህ አቁም፣ ውረድ፣ ሳም።" እንዲያ ያለ አስተማሪ ነበረው። አላዋቂ ሆኖ አይደለም እኮ የሆነው ሁሉ የሆነው።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ ጠጠርና አቧራ ነው። ዛሬ የከሰል መኪና የሚግተለተልበት ይኸው ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ የሚወስደው መንገድ ነው። ወንድሜ በገበያ ቀን እህል ጭኖ ያልፍበታል። እኛ ቆነጃጅቱ ድንች ተሸክመን፣ ከመንገዱ ዳር ተሰልፈን እንሄዳለን። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ስለማውቀው "የኔ ወንድም መጣ!" እላለሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል ውልቅ ይላል። አቧራው ብቻ ይቀርልኛል።

"ወንድምሽን አንገቱን ማን በእንጨት አሰረው?" ትለኛለች አንዷ።

"ዙፋን ላይ ተቀምጦ እንዴት ብሎ ድንች ተሸካሚ ይይ?" ትላለች ሌላዋ።

"ኧረ እህቱም አይደለች፤ እሷ ናት እህቱ ነኝ የምትል!"

ይስቃሉ። እኔም እስቅ እስቅ ብዬ ውስጤ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ልጅነት ነው፤ በሰው ፊት ከመዋረድ ሞት የሚሻል ይመስለኛል። ሞትን የት አውቄው!

አንድ እሁድ ቤት መጣ። ወንድም ከመንገድ ሲመጣ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ውኃውን ሳላመጣ ቀረሁ። እናቴ ብትቆጣኝ፣ "ለማያውቀኝ ሰው እግር አላጥብም" አልኩ። አባቴም በአገውኛ አጉረመረመ። የተቆጣው ግን እኔን አልነበረም። ሰው ሁሉ ልጅህ ኮራ እያለ እሱንም ነግሮታልና ልጁን ነው።

ወንድሜ እግሩን እያየ፣ "እህቴ፣ ፈረስ የራሱ ዓይን አለው" አለኝ። "የመኪና ዓይን የኔ ዓይን ብቻ ነው።"

"እሺ አቁምና ሳመኝ!"

"ጭነት ይዤ ያን ቁልቁለት? በምን ፍሬን?"

"እንግዲያው በሚመጣው ገበያ በሰው ፊት እጅ ካልነሳኸኝ፣ እህት አለችኝ አትበል።"

ይኸው ነው ያልኩት። እግሩን ሳይታጠብ አደረ።

ገበያው ደረሰ። ብሩህ ቀን ነበር፤ ሣሩ ላይ ጤዛው ገና አልረገፈም። መኪናው ከላይ ሲያጓራ ሰማሁና ከጓደኞቼ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ወንድሜ ባርኔጣውን አወለቀ። ኮርቻ ላይ እንደሚሆነው ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ሙሉ ፊቱን በመስኮቱ ወደኔ አዞረና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። እየሳቀ ነበር። ልጆቹ እልል አሉ። እኔ ደግሞ እሱን ትቼ የነሱን ፊት አያለሁ፤ ያችን አንገቱን ማን አሰረው ያለችውን።

መጀመሪያ የሰማሁት የሸክላ ድምፅ ነው። ብዙ ሸክላ አንድ ላይ ሲሰበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንስራ ተሰበረ ብዬ ሳቄን እንኳ ወዲያው አላቋረጥኩም።

መኪናው ዓይኑ ወደዞረበት ዞሮ ነበር። ከኔ ጥቂት እርምጃ ወደ ላይ፣ በእኛው በኩል፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሸክሟን አዝላ ቆማ ኖሯል። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ሰላም አይባልም ነበር። በሠራችው ድስት እንበላለን፣ ዓይኗን ግን እንፈራለን። ስትመጣ መንገድ እንለቅላታለን፤ ለክብር አይደለም። ያን ጠዋትም አጠገቧ አልፌ ቀና ብዬ አላየኋትም። ወንድሜ ወርዶ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፊቷ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ይጠርግላት ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ፀሐይ ከፍ ሳትል አለፈች።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ምን አየሽ ሲሉኝ፣ "አቧራ ነው ያየሁት" አልኩ። እሱ ደግሞ "ዓይኔን ከመንገድ አነሳሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ወዴት አነሳህ ቢሉትም አልመለሰም። እኔን ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ሰው ሁሉ አንቀላፍቶ ነው፣ ጠጥቶ ነው ሲል እሱ አሜን ብሎ ተቀበለ። እኔም ሰማሁ፤ አፍ አውጥቼ አይደለም አላልኩም። አሮጌው ሾፌር ግን ከዳንግላ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ አለቀሰ አሉ።

ታስሮ ከወጣ በኋላ መሪም ልጓምም አልነካም። ዳንግላ ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። በመንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው ከመንገዱ ወርዶ፣ ሣር ላይ ቆሞ ነው የሚመልሰው። ከኔ ጋር ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እግሩን ላጥበው ውኃ ይዤ ስመጣ፣ "ታጥቤያለሁ" ይለኛል።

ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ። ባጃጁን እየነዳ በአንድ እጁ ስልክ የሚጎረጉረውን ልጅ ሳይ፣ ማን ይሆን ከወዲያ አላየኸኝም እያለች የምትቆጣው እላለሁ።

ወንድሜ ከሞተ ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ፣ ያን ጊዜ ጋቢና አብሮት የነበረው እህል ነጋዴ በዱላ እየተደገፈ መጣ። ሰው ሲቀልል አጠገቤ ተቀመጠና፣ "በሕይወት እያለሁ ለእህቴ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኝ ነበር" አለኝ።

"በሷ በኩል ከላይ የነበረው ሁሉ ጮኸንበት ወደ ቦዩ ዘሏል፤ እናንተ ከታች በእልልታው አልሰማችሁም" አለኝ። "ሸክላ ሠሪዋም ትችል ነበር፤ ጊዜ ነበራት። ግን ወንድምሽ እጅ ሲነሳ ለሷ መሰላት። ፈገግ አለች። ያን ሁሉ ሸክላ በጀርባዋ እንዳዘለች፣ እንዳይወድቅባት ቀስ ብላ፣ እጅ ለመንሳት ጎንበስ አለች። ቀና ሳትል ደረስንባት።"