የሩጄሮ ማርሳላ

ዲርቼ ስትናደድ ከድምጿ እጇ ይቀድማል። ጣሊያን አገር፣ ትሬቪዞ ከተማ ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር ባለው ምግብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሰው በሰፈሩ የሚያውቃት ግን ቲራሚሱ በሚባለው ጣፋጯ ነው። የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር ነጣ እስኪል ትመታለች፣ ማስካርፖኔ የሚባለውን ለስላሳ አይብ ትቀላቅላለች፣ ብስኩቱን ቀዝቃዛ ቡና ውስጥ ነከር አድርጋ ወዲያው ታወጣለች፤ ከዚያ በብርጭቆ አንዱን በአንዱ ላይ ትደራርብና ካካዎ ትነሰንስበታለች። አለቀ። መጠጥ የሚባል አይነካውም። በሰፈሯ የታመመ ሰውም ሆነ አራስ የሚያገግመው ይህንኑ የተመታ አስኳል እየላሰ ስለሆነ፣ "መጠጥ አለበት ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ባሏ ኢቮኔም ጠይቆ አያውቅም። ኢቮኔ መጠጥ ካቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ዲርቼ አታወራም፤ ሁለት ጊዜ ከቦዩ ጎትተው እንዳወጡት ሰፈሩ ያውቃል፣ ይበቃል። ሐኪሙ "አንድ ጊዜ ከቀመስክ አለቀልህ" ብሎታል። ወይን እንደ ውሃ በሚቀዳበት አገር ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም። እሑድ እሑድ ለምሳ መጥቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ሳይፈራ የሚበላው ጣፋጭ የሚስቱ ብርጭቆ ብቻ ነው።

ሩጄሮ ደግሞ አለ፤ ምግብ ቤቱን ከአባቱ የወረሰው። እንቁላል ሲሰብር ግማሹን ቅርፊት ውስጡ የሚጥል፣ በሁሉም ነገር ላይ ግን ሐሳብ የማያልቅበት ሰው ነው። ቅዳሜ ዲርቼ ጥርሷን ልትነቀል ሄደች።

"አይጨነቁ እትዬ ዲርቼ፣ የእሑዱን እኔ እሠራዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሠሩ ሳይ ነው ያደግኩት" አላት።

እሑድ ስትመጣ ብርጭቆዎቹ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድረው አገኘቻቸው። ሲያዩዋቸው ደህና ናቸው። ድዷ ስላበጠ አልቀመሰችም። የትሬቪዞ ሰው ናትና፣ መጠጥ አለበት ወይ ብላ እሷም አልጠየቀችም። ኢቮኔ ምሳውን ሲጨርስ አንዱን ብርጭቆ ራሷ ይዛ ሄደችና ፊቱ አስቀመጠችለት።

ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ሳህን ስታደርቅ ሩጄሮ ፊቱ በርቶ ገባ።

"እትዬ ዲርቼ! በሩ ጋ ያሉት ጀርመኖች ጣታቸውን ላሱ! ማርሳላዬ ሠራ ማለት ነው!"

እጇ ቆመ። "ምንህ?"

"ማርሳላ ነዋ፣ ወይኑ። ቡናው ውስጥ ጠብ አደረግሁበት። ሌላው አገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እኛ ብቻ ነን የሕፃን ምግብ ያደረግነው።"

"ምን ያህል ጠብ?"

"ግማሽ ጠርሙስ። ምነው? አይቆጡ እንጂ፣ ሰው አልገደልኩ!"

ዲርቼ ቱግ አለች። ሳህኑን ገበታው ላይ ስታሳርፈው ለሁለት ተከፈለ።

"አንተ ዓይን አውጣ! አባትህ ሳይነግረኝ ጨው እንኳ አይጨምርም ነበር! ለባሌ ሰጥቼዋለሁ እኮ! በገዛ እጄ!"

"ለ... ለኢቮኔ? ውይ፣ እሱን ረሳሁት..."

"ረሳሁት? ከቦዩ ሲያወጡት ገመዱን ማን ነበር የያዘው? አንተ አይደለህም?"

ዲርቼ ቀሪዎቹን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ብትፈጠፍጥበት ደስ ባላት፤ ግን ጊዜ አልነበራትም። እሱን ብቻም አልነበረም የምትረግመው። ምላሴ ላይ ጫፉን ባደርገው ምን ነበረበት፣ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ምን ነበረበት እያለች፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ምግብ አዳራሹ ሮጠች። አንድ ማንኪያ ብቻ በልቶ ትቶት ይሆናል። ሽታው አስደንግጦት ገፍቶት ይሆናል።

ኢቮኔ መስኮቱ ሥር ነበር። ብርጭቆው በጣት የተጠረገ ያህል ነጽቷል፤ እሱ ግን አሁንም ሥሩን በማንኪያ ይጭራል። አጠገቡ ስትቆም ፊቷን አላየም።

"እጅሽ ይባረክ ዲርቼ" አላት፤ ዓይኑ የማድ ቤቱ በር ላይ ነበር። "ሌላ አለ?"