እናቴ የሳቀችበት ቅዳሜ

ስለ ትያትር ሲወራ ደሜ ይፈላል። በተለይ "የእንጅባራ ተመልካች ሞቅ ያለ ነው፣ ሲያጨበጭብ አዳራሹ ይናጋል" የሚል ሰው ካጋጠመኝ ወሬውን አቋርጬ እነሣለሁ። ያንን ተመልካች አውቀዋለሁ። እናቴን መሀሉ አስቀምጦ ስትስቅ ሲያያት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በወባ ሞተ። አብረውት የነበሩት ልጆች እዚያው ቀበሩትና አዘና ለሚኖሩት አጎቴ ደወሉላቸው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሳቸው ደግሞ እኔ ወደማስተምርበት ወደ ዳንግላ ደወሉና "እናትሽ እንዳትሰማ" አሉኝ። የወንድሜን ሞት ከመናገራቸው በፊት የተናገሩት ይህን ነበር።

በኛ አገር መርዶ እንደ ደረሰ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ የእድሩ ድንኳን ይዘጋጃል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሄደው ሐዘንተኛዋን ያረዷታል። ግምጃ ቤት ከተማ ያሉት ዘመዶች እስኪደርሱ ተብሎ የእናቴ መርዶ ለእሑድ ንጋት ተቆረጠ። እኔ ዛሬውኑ ይነገራት ብዬ ሞገትኩ። አጎቴ "አንቺ ልጅ፣ ነገር ወግ አለው" ብለው አፌን አስዘጉኝ። ወጉ የሚመቸው ለነጋሪው ነው ወይስ ለሰሚዋ ብሎ የጠየቀ የለም።

እናቴ እንጅባራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሻይ ክበብ ትሠራለች። ወሬው ሳይውል ሳያድር ከእሷ በቀር በሠራተኛው ሁሉ ጆሮ ገባ። ሰዉ ሻዩን ሲቀበላት ዓይን ዓይኗን አያይም፤ ስኳር አነሰው፣ ቅመም በዛበት የሚል ጠፋ። ዓርብ ከዳንግላ ስመጣ ደስ ብሏት "ሰዉ ሰሞኑን እንዴት ጨዋ ሆኗል መሰለሽ" አለችኝ። ሻንጣዬን አስቀምጣለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የትያትሩን ትኬት የገዛችው ወንድሜ ሳይሞት ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣ ቡድን ቅዳሜ ከሰዓት የሙዚቃ ኮሜዲ ያሳያል ተብሎ በየመሥሪያ ቤቱ ሲሸጥ፣ በካሴት ዘመን የሰማቻቸው ዘፈኖች አሉበት ስላሏት ከሁሉ ቀድማ ወሰደች። አትሂጂ ብንላት ትጠረጥራለች። አጎቴ በስልክ "ትሂድ እንጂ። ከእሑድ ወዲያ መቼ ልትስቅ ነው? አንቺ ብቻ ከጎኗ አትራቂ" አሉ። ስጦታ የሰጧት መስሏቸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን መጥታ ሹሩባ ሠራቻት። ሴትየዋ ሁሉን ታውቃለች። እያወቀች ጠጉሯን ከፋፍላ፣ ቅቤ ቀብታ፣ "ሙሽራ መሰልሽ" አለቻት። እስከ ዛሬ ሰላም አልላትም።

ትያትር ስል የምር ትያትር እንዳይመስላችሁ። ታሪኩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ዘፈን ይሰጣበታል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። አንድ ሀብታም ነጋዴ ከሁለቱ ሚስቶቹ የምትወደው የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ የሞተ መስሎ ይተኛል፣ በቃ። ሚስቶቹን የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው፤ አርቴፊሻል ጠጉር፣ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ፣ ደረት ላይ የተወሸቀ የትራስ ጥጥ። ሽንኩርት ሲያልቅ ዘፈን፣ እንግዳ ሲመጣ ዘፈን፣ አህያ ሲጠፋ የፍቅር ዘፈን። ኋላ የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብረው ይዘፍናሉ፣ ያፏጫሉ። አንድ ጎልማሳ መድረክ ላይ ወጥቶ ወፍራሟን "ሚስት" ግንባሯ ላይ ብር ለጠፈላት፤ እሷም ጢሟ በፓውደር እንደ ተሸፈነ እጅ ነሣች። ከፊታችን ያሉ አዛውንት "እግዚኦ፣ ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ" እያሉ ፊታቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ፤ በጋቢው ሥር ግን አንድም ነገር አላመለጣቸውም።

እናቴ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ ይነሣና ትከሻዋን ይዞ ይነቀንቃታል። ዘፈኖቹን በቃሏ ስለምታውቃቸው ተዋናዩ ገና አፉን ሲከፍት ስንኙን ጨርሳ ትጠብቀዋለች። እጄን እየመታች "ይህን አባትሽ ይወደው ነበር" ትለኛለች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለ እሱ ያለ ሐዘን ስታወራ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ትኬቱ በአንድ ላይ ስለተገዛ በዙሪያችን የተቀመጠው የመሥሪያ ቤቷ ሰው ነበር። መጀመሪያ ላይ እነሱም ሳቅ ያመልጣቸው ነበር፤ ከዚያ እናቴን ያዩና ይውጡታል። ትንሽ ቆይተው መድረኩን ማየት ተዉ። ሒሳብ ሹሙ አንገቱን አዙሮ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ ሌሎቹም በየተራ ሰረቅ እያደረጉ፣ ልጇ የሞተባት ሴት ስትስቅ ያያሉ። ለእነሱ ዋናው ትርዒት እሷ ሆነች። የትኬታቸውን ዋጋ አገኙ።

ከዚያ ነጋዴው "ሞተ"። ወፍራሟ ሚስት ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ጥቁር ነጠላ ደርባ ገባችና ደረቷን እየደቃች የድሮ የፍቅር ዘፈን በሙሾ ዜማ አወረደች። ሬሳው በየመሀሉ ቀና እያለ ይቀበላታል። አዳራሹ ሊፈርስ ሆነ። እናቴ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ወደ ጎን ዞረች፤ ሰው ሲስቅ አብሮት የሚስቅ ሰው መፈለጉ አይቀርም። የሚስቅ አላገኘችም። የጽዳት ሠራተኛዋ እያለቀሰች ነበር።

ሳቋ ወዲያው አልቆመም፤ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ሒሳብ ሹሙን አየችው፣ አቀረቀረ። ከኋላ ያሉትን ዞራ አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። ፊቴን ምን እንዳደረግሁት አላውቅም።

"መቼ?" አለችኝ።

ማን ብላ አልጠየቀችም። ከእኔ ሌላ የነበራት ያ ልጅ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ነይ እንውጣ" አልኳት።

ተነሥታ በወንበሮቹ መሀል ወደ በሩ ስትሄድ ባለ ጥቁር መነጽሩ ተዋናይ ከመድረክ አያት። የሚወጣ ሰው ላይ መቀለድ የእንዲህ ያለው ትያትር ልማድ ነው። "እማማ፣ ወዴት ነው? ሬሳው ሳይቀበር ይሄዳሉ እንዴ?" አላት። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ፣ አጨበጨቡ። ተዋናዩ ምንም አያውቅም፤ እሱን አልቀየመውም። የሚያውቁት ግን እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ከመካከላቸው ተነሥቶ ተው ያለው የለም። አዳራሹ እስከ በሩ ድረስ በጭብጨባ ሸኛት።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ባጃጆች ተደርድረው የትያትሩን ማለቅ ይጠብቃሉ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወባውን፣ መተማን፣ እዚያው መቀበሩን። አልጮኸችም። ሳቁ ከኋላችን በበሩ እየወጣ ነበር፤ "እዚህ አላለቅስለትም" አለች። ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሹሩባውን ዳሰሰችው።

"ይህን ስትሠራኝ ታውቅ ነበር?"

"ታውቅ ነበር።"

"የመሥሪያ ቤቱ ሰውስ?"

"እነሱም።"

"ልጄ አፈር ገብቶ፣ በሰው ፊት ጥርሴን አስገለጣችሁኝ" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሹሩባውን እዚያው ደረጃው ላይ መፍታት ጀመረች፤ ባጃጅ ውስጥም እየፈታች ሄደች። የባጃጁ ሾፌር የከፈተውን ዘፈን አጥፋው ብዬ ስለምነው ምን አስቀይሜው እንደሆነ ግራ ገባው።

አጎቴ ከአዘና ሲደርሱ ነገሩን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሆነው ሆኗል፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ ግን ለቅሶ አይጀመርም። እስኪነጋ ቻይው" አሏት።

"እናንተስ ሳምንቱን ሙሉ ችላችሁት የለ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ግን ታላቅ ወንድሟ ናቸውና እሺ አለቻቸው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ በሩን አንኳኩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጅሽ ትንሽ አሞት ነበር" ብለው ጀመሩ። ከሕመሙ ወደ ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ ወደ ሞቱ ቀስ እያሉ ሊወስዷት ነበር ሐሳባቸው። እናቴ የተፈታ ጠጉሯን ሻሽ ሳታስር መደቡ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል አዳመጠች። መሀል ላይ አንደኛው ሽማግሌ ንግግሩ ሲደናቀፍባቸው "ይጨርሱ፣ አባቴ" አለቻቸው። ጨረሱ። ያን ጊዜ ጮኸች፤ ተዘጋጅተው የቆሙት ሁሉ ጩኸቷን ሰምተው ከውጭ ተቀበሏት። ለቅሶ የደረሰው ያው ቅዳሜ አዳራሽ የነበረው ሰው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ተደርድሮ ተቀመጠና ስታለቅስም አያት።

ወግ ነው ይሉኛል። ደንግጣ እንዳትወድቅ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ነው ይሉኛል። እኔ የማውቀው፣ ያ ሁሉ ሰው ከቦ ካስቀመጣት ቀን ይልቅ ብቻዋን የሆነችበት ቀን እንዳልነበረ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ዳንግላ እኔ ቤት መጥታ ነበር። ባለቤቴ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ምሳ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ዶሮ ስላመለጠችበት ሰውዬ አወራልንና ልጆቼ ተንከተከቱ። የእናቴ ከንፈር ሊፈታ ሲል አየሁት። ከመሳቋ በፊት ግን ፊታችንን አየች፤ መጀመሪያ የባለቤቴን፣ ከዚያ የልጆቼን፣ ከዚያ የእኔን። ምንም የደበቅናት ነገር እንደሌለ እንድታምነኝ ብዬ አፌን ከፍቼ ሳቅሁላት። ፊቴን ይበልጥ መረመረችው። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ልጆቹ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"ማን ሞቶ ነው?" አለችኝ።