የእንግሊዙ አባትና ሐጂ አደም

ያን ክረምት ሮቤ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር... እኔ ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ የጽሕፈት መኪና እቀጠቅጣለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። የጽሕፈት መኪና ድምፅ ከግቢ ሲወጣ ባለቤቱን የሚያሳስብበት ጊዜ። አከራዬ ሐጂ አደም አንድ ከሰዓት ወደ ሱቃቸው አስጠሩኝ። የሲናናን ስንዴ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያኔ ግን ንግዱ ቀዝቅዞ ሱቁ ውስጥ ከጨውና ከላምባ ሌላ እምብዛም ነገር አልነበረም። በቤታቸው ምን እንደሚጻፍ ማወቅ ፈለጉ። ቀበሌ ቢጠይቃቸው የሚመልሱት ነገር ይኑራቸው እንጂ።

ፖለቲካ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው እንግሊዞች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጻፏቸውን የመጀመሪያዎቹን ልብ ወለዶች ነው። በዚያ ዘመን ሰው እንዴት ይጋባ ነበር፣ መሬት ማን ይወርስ ነበር፣ ሴት ልጅ እምቢ ብትል ምን ይደርስባት ነበር... ይህን ከመጻሕፍቱ ፈልፍሎ ማውጣት ነው ሥራዬ።

«እስኪ አንዱን አጫውተኝ፣ መምህር» አሉኝ።

ሳላስብ አፌ ላይ የመጣውን ጀመርኩ። አንድ ባለርስት አባት፣ አንዲት ሴት ልጅ። አባትየው ለድንበርተኛው ሀብታም ሊድራት ያስባል፤ እሷ መርከብ ከሚጠግን አናጢ ጋር ትጠፋለች። ሐጂ መሬቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ልጅቷ ወንድም እንዳላት ጠየቁኝ። ከዚያ ለአባትየው ፈረዱለት።

መሃል ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ... የሐጂ ልጅ ሩቂያ ከሦስት ዓመት በፊት ከሳነቴ ተራራ ማዶ፣ ከሪራ ማር ይዞ ከሚመጣ ጎረምሳ ጋር ሳታስፈቅድ ሄዳለች። ሐጂም ስሟን የሚያነሳ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ ብለው በአደባባይ ምለዋል። መውለዷን ሮቤ ሁሉ ያውቃል፤ እናቷ ግን የልጅ ልጃቸውን አላዩም። ጎረቤቱም መሐላውን ፈርቶ ዝም ብሏል።

መጨረሻውን ላለሳልሰው ሞከርኩ። ሐጂ ነቁብኝ፤ የተጻፈውን ንገረኝ አሉ።

ነገርኳቸው። ልጅቷ ለአባቷ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሳይከፈት ይመለስባታል። ደግማ ትጽፋለች፣ ይኸኛውም ይመለሳል። በመጨረሻ ታማ ትሞታለች፤ አባትየው ሲደርስ እየቀበሯት ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል... ቤት ልቀቅ ሊሉኝ ነው ብዬ ሌላ ክፍል የማገኝበትን ሰፈር ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ጎረቤት የለውም?» አሉ በስተመጨረሻ።

«አለው።»

«ታዲያ ጃርሳ ማን ላከበት?» ሽማግሌ ማለታቸው ነው።

ማንም እንዳልላከበት ነገርኳቸው።

«አባት አንዴ ከማለ በራሱ እግር አይመለስም፣ መምህር። ሰው መጥቶ ይለምነዋል፣ እምቢ ይላል፣ ደግሞ መጥቶ ይለምነዋል። ሰውዬው እየጠበቀ ነበር፣ ወላሂ። ማንም አልመጣለትም።»

ወደ ክፍሌ በረርኩ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ስንቱ ምሁር ስለ ውርስና ስለ ጋብቻ ጽፏል፤ ስለ ጎረቤት የጻፈ ግን አላጋጠመኝም። እውነትም በእነዚያ ልብ ወለዶች ውስጥ ሰው ከወረቀቱና ከፈጣሪው ጋር ብቻውን ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እንደዚያ የሚረዝሙት መሃል የሚገባ ሰው ስለሌለ ይሆን እንዴ? ጎበዝ ተማሪ ነኝና ይህንኑ አንድ ምዕራፍ ላደርገው ቁጭ ብዬ ቀጠቀጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት የሐጂ ባለቤት እትዬ ኑሪያ ደጄ ላይ ቆሙ። ጨዋታችንን ከሱቁ ጀርባ ሆነው ሰምተውት ኖሯል።

«ታዲያ መቼ ነው የምትመጡት?» አሉኝ።

«የት?»

«እኛ ቤት ነዋ። እየጠበቅኩ ነው ብለውህ የለ?»

ስለ እንግሊዙ ሰውዬ እኮ ነው የተናገሩት ልል ነበር... የእትዬ ኑሪያ ዓይን እንባ አቅርሮ ሳይ ዋጥኩት። ሐጂ በከተማው ፊት ምለዋል፣ ለከተማው ሰው ልቤ ራርቷል ማለት አይችሉም። እኔ የሩቅ ሰው ነኝ። ለእኔም ቢሆን እስከ እንግሊዝ ዞረው ነው የነገሩኝ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ምዕራፍ እጽፋለሁ።

ባለ ወፍጮውን አቶ ገብሬንና የሰፈሩን ሼክ ለምኜ ይዣቸው ሄድኩ። ሐጂ ተቆጡ። ማን ላካችሁ አሉ፤ እኔንማ አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ ገላመጡኝ። ተመልሰን ስንወጣ ነገሩን ያበላሸሁት መሰለኝ። ሼኩ ግን መንገድ ላይ ይስቃሉ።

«ገና ሳንመጣ አግዳሚው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው አልጠበቁንም?» አሉኝ።

ሁለተኛም ሄድን፣ እምቢ አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀንሷል። ቀጥሎ ስንሄድ ሼኩ ዱዓቸውን ሳይጨርሱ ሐጂ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ትምጣ» ያሉት ከሻሹ ሥር ሆነው ነው።

ሩቂያ በጭነት መኪና ሳነቴን አቋርጣ በጎባ በኩል መጣች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ሐጂ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። ሕፃኑን ተቀብለው ወደ ሱቁ ገቡ፣ ቶሎም አልወጡ። እናትና ልጅ ግቢው መሃል ዝናብ እየወረደባቸው እንደተቃቀፉ ቆሙ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ።

በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ፣ ከፈታኞቹ አንዱ ስለ ጎረቤት የጻፍኩትን ምዕራፍ ገለጠና መነጽሩን ዝቅ አደረገ። አባትየው ሽማግሌ እየጠበቀ ነበር ያልከውን ከየት አመጣኸው፣ የትኛው መጽሐፍ ላይ አለ፣ ማንስ ጽፎታል አለኝ።

«አባትየው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አልኩት።