ሽማግሌ የተላከበት ተከላካይ

ተከላካዩን ይታያልን ከቢቸና ወደ ሞጣ ያመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። የሞጣ ክለብ ሰዎች በአንድ ጨዋታ አይተውት ወደዱት፤ አጥቂ ሁሉ እሱ ዘንድ ሲደርስ መንገዱ ያልቅበት ነበር። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ግን ልጃቸው ዜማ እንጂ ኳስ እንዲከተል አልፈለጉም። ክለቡም መላ ቢያጣ ሽማግሌ መርጦ ላከ። ሰዎቹ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ተቀመጡ ቢባሉ፣ የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም አሉ፤ ልክ ሴት ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ። ይታያል ጓዳ ውስጥ ሳቁን በጋቢው አፍኖ ያዳምጥ ነበር።

መሪጌታ ብዙ ካስለመኑ በኋላ ፈቀዱ። አንድ ቃል ግን አስገቡ።

«የምሰጣችሁ ጤነኛ ልጅ ነው። የተሰበረ ቀን እንዳትጥሉት።»

ቃሉን የተቀበሉት ሀጂ ሙሐመድሸሪፍ ነበሩ፤ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ክለቡ በተሸነፈ ማግስት ሱቃቸውን የማይከፍቱ ሰው።

ይታያል ከዚያ ወዲህ ወጣትነቱን በሙሉ ሞጣ ላይ ተከላከለ። የተከላካይ እንጀራ የማይዘፈንለት እንጀራ ነው። ጎል ያገባው በትከሻ ይዞራል፤ ጎል ያዳነው ታኬታውን ፈትቶ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ ግን ያንን ብቸኝነት ወደደው።

አምና ክረምት ሲገባ፣ በጭቃ ሜዳ ላይ ኳስ ሊያስጥል ሲንሸራተት፣ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ባሕር ዳር ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዓመት ሊሞላው ሲል ተሽሎት ሲመለስ አዲሱ አሰልጣኝ ዘመነ ለብቻው ጠርቶ፣ ውሉ እንደማይታደስ፣ በቦታው ልጅ እንዳገኘ በትሕትና ነገረው።

ወሬው ሀጂ ጆሮ ገባ። የቀድሞዎቹን ሽማግሌዎች ሰብስበው ለእሑድ ወደ ክለቡ ኮሚቴ ሊሄዱ ተነሡ። ይታያል ይህን ሲሰማ ሱቃቸው ድረስ መጣ።

«ሀጂ፣ ይቅርብዎ።»

«ምኑ ነው የሚቀርብኝ? ለአባትህ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?»

«ለምነው ቢሮ ያስቀምጡኝ ይሆናል። ሜዳ ላይስ? በሽምግልና ሚስት ትመለሳለች እንጂ አጥቂ አይመለስም።»

ሀጂ የሚለኩትን ጨርቅ አስቀመጡት። «ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«ዝም ይበሉልኝ።»

«እሱ ነው እንግዲህ የሚከብደኝ» አሉ፤ የእሑዱን ጉዞ ግን ተዉት።

ከዚያ በኋላ ይታያል በየማለዳው ከከተማው ወጥቶ ዳገት ይሮጥ ጀመር። ዳገቱ አያመውም ነበር፤ የሚያመው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ደጋገመው። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሲያልፋቸው፣ ይህ ሰው ምን ጠፋበት ይባባሉ ነበር። ጉልበቱ ማታ ማታ ያብጣል፤ ጠዋት ጠቅልሎት ይነሣል።

መስከረም ሲጠባ ዘመነ ዘንድ ሄዶ አንድ የልምምድ ጨዋታ ለመነ፤ ከቡድኑ ፈጣን አጥቂ ከፋንታ ጋር እንዲያጋጥመው። ቢያቅተው ማልያውን ራሱ አጥቦ እንደሚያስረክብ ነገረው። ዘመነ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሺ አለ።

በመጀመሪያው ኳስ ፋንታ እንደ ነፋስ አልፎት ሄዶ አገባ። ከሜዳው ዳር አንዱ፣ «አጎቴ፣ ምርኩዝ ይምጣልዎ?» አለና ሳቅ ተነሣ።

ይታያል ላቡን ጠረገ። በአምናው እግሩ እየሮጠ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ያ እግር የለም። ማባረሩን ተወና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ጠበቀ። ፋንታ በድጋሚ ሲመጣ ወደ መስመሩ የሚወስደውን መንገድ ከፈተለት፤ ልጁ ገባበት፤ ኳሱ ወጣ። ዳር ያለው ሳቅ ቀነሰ።

ቀጥሎ ግን ፋንታ በይታያል ቀኝ በኩል ሰብሮ ገባ። ከበረኛው በቀር ማንም አልቀረም፤ መንሸራተት ብቻ ነበር የሚያስጥለው፤ ያውም በዚያው ጉልበት። ይታያል ፈራ። ፈርቶም ተንሸራተተ። ኳሱን አስጥሎ ሣሩ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ጉልበቱን ቀስ ብሎ አጠፈው፣ ዘረጋው፤ ከዚያ ማንም ሳይረዳው ተነሣ።

ሲያበቃ ዘመነ መጣ። «ለግማሽ ዓመት አስፈርምሃለሁ። ቋሚ ግን አይደለህም፤ ተጠባባቂ ነህ።»

«ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

ይታያል ራሱን ነቀነቀና ውሃ ወደሚጠጣው ፋንታ እያነከሰ ሄደ።

«ነገ ደጋግመህ በቀኜ በኩል ና» አለው፤ «ገና የምፈራው እዚያ ነው።»