ሂናው እስኪደርቅ

ልጅ እያለሁ እንደ ደግ ሰው የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም። ሐረር ደግሞ ደግ ሰው ሞልቷታል። አባቴ መምህር ነበር፤ ከጎንደር ተዛውሮ ፈላና በር አጠገብ፣ አዴ ዘይነባ ከሚባሉ እናት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ምንተስኖት አራት ዓመት ሞልቶት እንኳ ግድግዳ ካልያዘ አይቆምም፤ ማንኪያም ከእጁ ይወድቃል። የሆስፒታሏ ነርስ እናቴን፣ «አትሸከሙት። የሚፈልገውን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡለትና ራሱ ይሂድ» ብላት ነበር። የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናትም በእግሩ የማይገባ ልጅ አንቀበልም ብሏል። እናቴ የመስከረሙን ትምህርት መክፈቻ እያሰበች እንቅልፍ አጣች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን ማለማመድ የኔ ሥራ ሆነ።

ግን ማን ዕድል ሰጥቶኝ! በጠባቧ መንገዳችን ጫፍ ብርቱካን አስቀምጬለት፣ ግንቡን ይዞ መራመድ ሲጀምር አንዱ አላፊ ብድግ አድርጎ ያቅፈዋል። ከኤረር በር ጫት ተሸክማ የምትመጣ ሴት ሳትቀር ሸክሟን አውርዳ ታነሳዋለች። ብርቱካኑንም ልጠው ያጎርሱታል። «ተዉት፣ ራሱ ይሂድ!» ስል፣ «አንቺ ልጅ፣ አላህን አትፈሪም?» ይሉኛል። እሱም ብልጥ ነው፤ ኮቴ ሲሰማ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። በንዴት አለቅስ ነበር። ከሁሉ የባሱት አዴ ዘይነባ ናቸው። የቤቱ ባለቤት፣ ታላቅ ሰው፤ እናቴ ምን ብላ ትቆጣቸው? ባገኙት ቁጥር ታቅፈው፣ ቤታቸው ውስጥ በቀይ አፈር ከተለቀለቀው ደረጃ ደረጃ መደብ የላይኛው እርከን ላይ እንደ ትልቅ እንግዳ ያስቀምጡታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የእህታቸው ልጅ ሠርግ ደረሰ። ሴቶቹ እጃቸውን ሂና ተቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ መደቡ ላይ ተደርድረው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ምንተስኖት እየዳኸ ገባ። ላይ፣ አዴ ዘይነባ አጠገብ ጣፋጩን ሐላዋ የያዘ ሳህን አየና እጁን ዘረጋ። የሚያነሳው ጠፋ። ጩኸቱን አቀለጠው።

«ያ ረቢ! አንቺ፣ አንሺው እንጂ!» አሉኝ አዴ።

እጄን ከኋላዬ ደብቄ፣ «እኔም ተቀብቻለሁ» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር።

ምንተስኖት ደረቱን መደቡ ላይ ጣለ። ጉልበቱን አወጣ፣ ተንሸራተተ፣ እንደገና አወጣ። ሴቶቹ የተጠቀለለ እጃቸውን አንስተው «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላሉ። አንዷ በክርኗ ወደ ላይ ልትገፋው ስትል ጮህኩባት። ላይ ደርሶ ምንም ሳይዝ ቆመና ሐላዋውን በሁለት እጁ አፈሰ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አዴ ዘይነባ እያለቀሱ ሁለተኛ እንደማያነሱት ማሉ። በማግስቱ ሂናቸውን ታጥበው፣ ታቅፈውት አገኘኋቸው! ግን አሁን ልውረድ ብሎ የሚወራጨው ራሱ ነበር። መስከረም ላይ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር በእግሩ ገባ።

ምንተስኖት ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። በቅርቡ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ታክሲ ተራ ላይ ከፊቴ ወደቀ። ሰዉ ዙሪያውን እየዞረ አለፈ፤ ዞር ብሎ ያየው እንኳ የለም። እኔ እስክደርስ ራሱ ተነስቶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ «እንሂድ» አለኝ። እናታችን ስትመኝ የኖረችው ይህንኑ ነበር። ታዲያ እኔን ምን ያንገበግበኛል?