ፉንግ የዞረችው ጋን

እኛ ሸክላ ስንሠራ ቁጭ ብለን መንኮራኩሩን በእግራችን እንመታለን፤ ጭቃው ይዞራል። ፉንግ ግን የሸክላ ሠሪው የቤ ቺልሱንግን ልጅ አግብታ ከቬትናም ስትመጣ፣ በአገሯ ወግ ጭቃውን መሬት ላይ አቁማ ራሷ ዞረችው። ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ስትዞር ስትዞር፣ የጋኑ ሆድ ቀስ እያለ ከማለዳው ጭጋግ ውስጥ ይነሣል። በቺልሱንግ ግቢ ለሸክላው መተኮሻ ምድጃ ጥድ ስፈልጥ ዐይኔን ጣል ሳደርግባት ሕልም የማይ ይመስለኝ ነበር። ግን ሳቅሁባት፤ መንደሩ ሁሉ እየሳቀ እኔ ምን ቤት ነኝና ዝም እላለሁ?

"ልጄ፣ ጋኑ ይዙር እንጂ አንቺን ምን ያዞርሻል?" አሏት ቺልሱንግ።

"አባባ፣ እኔ ካልዞርኩ እጄ አይሰማውም።"

ሽማግሌው ይህን ከልክለው ዘጠኝ ዓመት ጭቃ አስረገጧት። በዐሥረኛው አንድ ጋን ፈቀዱላት።

"የአኩሪ አተር ጃንግ ገብቶበት ካልተነፈሰ ግን ወደ ጭቃሽ! ዳግመኛ እንዳትለምኚኝ።"

ጃንግ በጨው ውሃ ወራት ሙሉ የሚብላላ ማጣፈጫ ነው፤ የሚተነፍስ ጋን የዚያን ጨው ይተፋል፤ ጨውም ቆዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በቺልሱንግ ቤት ጃንግ የሚጥል ሰው ስላልነበረ ፉንግ ይህን የምታውቀው በወሬ ነው። እኔም ወንድ ነኝ፣ የጓዳ ሥራ አላውቅም፤ ከእሷ አልሻልም።

ጋኑን ደፍረው የወሰዱት ከላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን እማማ ማልሱን ብቻ ናቸው። ለልጆቻቸው የሚልኩትን የዓመት ጃንግ ጨመሩበት።

"ቢበላሽብኝ አንቺኑ ነው የምዘፈዝፍሽ!" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ፉንግ ከሰዓት በኋላ በአጥራቸው ሳታልፍ አትውልም። ጸደይ ሄደ፣ ዝናቡም መጥቶ ሄደ። ጋኑ ፊቱን እንደታጠበ ልጅ ያበራል፤ የጨው ምልክት የለም።

"ጋሼ፣ ታፍኗል። የልጆቻቸውን ጃንግ ገደልኩባቸው" ብላ እፊቴ አለቀሰች። በሳቄ ያፈርኩት ያን ቀን ነው።

በመከር እማማ ማልሱን ታመው ስምንት ቀን ተኙ። በዘጠነኛው ማለዳ ፉንግ ይቅርታ ጠይቃ ጋኗን ልታነሣ ሄደች፤ እኔም ለሸክሙ ተከተልኳት። ግቢው በጭጋግ ተሞልቷል። በጭጋጉ ውስጥ ጋኖቹ ሁሉ ነጣ ነጣ ብለዋል፤ የፉንግ ጋን ግን በረዶ የጣለበት ይመስላል። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ጨው ነው።

እማማ ማልሱን እርጥብ ጨርቅ ይዘው ብቅ አሉ።

"ወይ ውርደቴ! ስምንት ቀን ሙሉ ጋኖቼን ሳልወለውላቸው አያችሁብኝ?"

"እማማ... በየቀኑ ይወለውሏቸዋል?"

"ታዲያስ! በየማለዳው ነዋ! ያንቺውማ ከጸደይ ጀምሮ ሲተፋ ወገቤን ቆረጠው።"

ፉንግ እንባዋን ሳትጠርግ ጨርቁን ተቀበለቻቸው። ጎንበስ አለችና ወደ ኋላ እየተራመደች ጋኗን ልትወለውል ትዞረው ጀመር።

"ኧረ ቆይ! ሽማግሌው ጨውን ሳያዩት እንዳትነኪው!" ብዬ ጮኽኩና ቁልቁል ወደ ቺልሱንግ ቤት ሮጥኩ።